የአዎ ባይ ኑዛዜ

ፕሮፌሰሩ ከሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሉ ደረጃ ግርጌ አንገታቸው ተቆልምሞ ተገኙ። አስከሬናቸው ገና ሳይነሳ ገዳይ የተባለው ሰው ተጠይቆ፣ አምኖ ነበር።

ያመነው የአንዲት ተማሪ ታላቅ ወንድም ነው። ዕድሜው ሠላሳን አልፏል፤ አእምሮው ግን ከልጅ አእምሮ አልዘለለም። እህቱ እዚያው ክፍል የብልህነትና የባሕርይ ልኬት ታጠናለች። ቤት ብቻውን እንዳይውል ይዛው ስትመጣ፣ ተማሪዎቹ ፈተና መስጠት የሚለማመዱት በእሱ ሆነ። እሱም ኪዩብ ደርድር ሲሉት፣ ሥዕል አዛምድ ሲሉት ዓለሙ ነው። እሷ «ጋሼ» ስለምትለው ሁሉም፣ ፕሮፌሰሩ ሳይቀሩ፣ «ጋሼ» ይሉት ነበር።

አሁን ጋሼ ከደረጃው አናት ባለው የፈተና ክፍል ከፖሊስ ጎን ተቀምጦ ፈገግ ይላል። ሲመሽ በሩ ከውጭ ወደሚቆለፍ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሊወስዱት ነው። እዚያ ገብቶ የወጣ ሰው እህትየው አታውቅም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ ሰው መለካት የተማረችው እህት እጇን አጣምራ ከመቆም በቀር የምታደርገው ጠፋት።

መርማሪዋ ገቡ። ጠጉራቸው ገብስማ ነው፤ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ወንፊት» ይሏቸዋል፣ ሰው የተናገረውን ሁሉ ሳያበጥሩ ስለማይቀበሉ። ወንበር ስበው ጋሼ ፊት ተቀመጡ።

«ፕሮፌሰሩን ገፋሃቸው?»

«አዎ» አለ ጋሼ።

«ምሳህን በላህ?»

«አዎ።»

«ምሳህን አልበላህም፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔንስ ገፋኸኝ?»

«አዎ!» አለ፣ ደስ ብሎት።

ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ ወንፊት ወደ እህትየው ዞሩ።

«ይህንን ታውቂ ነበር፣ ልጄ?»

«አውቃለሁ። ሰው እንዳይቀየመው ለሁሉም አዎ ነው የሚለው። ለፖሊሶቹ ስነግራቸው ‹እህቱ አይደለሽ፣ ምን ትያለሽ ታዲያ› አሉኝ።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«የፈተነው ሁሉ። የፕሮፌሰሩ ረዳት መምህር ነው ያስተማረን። ‹ጋሼን አማራጭ ስጡት፤ ቅደም ተከተሉንም እያቀያየራችሁ ደግማችሁ ጠይቁት› ይለናል። እሱማ ለጋሼ ከኔ ይበልጥ ያስባል።»

እትዬ ወንፊት ቀጥለው የፕሮፌሰሩን ጸሐፊ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ሟቹን እንደማትወዳቸው አልደበቀችም።

«ከሳቸው ጋር ተስማምቼ ውዬ አላውቅም። ግን ሲጮሁ እኔ ግቢ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ወሬ ይዤ ነበር።»

«እውነቷን ነው» አለ አብሯት የተጠራው ዘበኛ። «እየሮጥን ስንገባ ረዳት መምህሩ ‹ከምድር ቤት ቤተ መጻሕፍት መውጣቴ ነው› እያለ ሬሳው ላይ ጎንብሷል። ጋሼ ደረጃው አናት ላይ ቆሟል። መምህሩ ቀና አለና ‹ጋሼ፣ አንተ ነህ የገፋሃቸው?› አለው። ‹አዎ› አለ። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

እትዬ ወንፊት የሟቹ አፍንጫ ላይ ያዩት የመነጽር ሰንበር ትዝ አላቸው። «መነጽራቸውስ?»

ጸሐፊዋ ግራ ተጋባች። «ያለሱ እጃቸውን እንኳ አያዩም እኮ! የት ሄደ?»

ሁሉም ፈተና ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ረዳት መምህሩ ከጋሼ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጋሼም እንደ ልማዱ እጅጌውን ያዝ አደረገው።

«መምህር» አሉ እትዬ ወንፊት፣ «ጋሼን ለብዙ ጊዜ ፈትነውታል። አዎ ወይም አይደለም የሚያሰኝ ጥያቄ ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«አላውቅም። መልሱ ዋጋ የለውም።»

«ዛሬ ግን ጠየቁት። ያውም ሰው እየሰማ።»

«ደንግጬ ነበር።»

«የደነገጠ ሰው ወደ ለመደው ነው የሚሮጠው፤ እርስዎ የለመዱት ደግሞ አማራጭ መስጠት ነው። እርስዎ ለማወቅ አልጠየቁትም፤ ‹አዎ› እንዲል ነው የጠየቁት።» ጣታቸውን ወደ ደረጃው ቀሰሩ። «ሁለተኛው መነጽሩ ነው። ከሟቹ ጋር ቢወድቅ ስብርባሪው እንኳ ደረጃው ላይ በተገኘ። አልተገኘም። ሳይወድቁ በፊት፣ ደረጃው አናት ላይ ወልቋል፣ ያነሳውም ሰው አለ ማለት ነው።»

«ጋሼ አንስቶት ይሆናላ!»

«እንጠይቀዋ፤ እርስዎ ባስተማሩት መንገድ። ጋሼ፣ ፕሮፌሰሩ ሲጮሁ መምህሩ የት ነበር? ላይ፣ ታች ወይስ ውጭ?»

«ላይ።»

«ታች፣ ላይ ወይስ ውጭ?»

«ላይ አልኩ እኮ!»

«መነጽሩስ የት ገባ?»

ጋሼ ተነስቶ ጥግ ያለውን ቁም ሣጥን መታ መታ አደረገ። «ኪዩቦቹ ጋ። መምህሬ ከተተው።»

የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ከረዳት መምህሩ ኪስ ወጣ። ፖሊሱ ሲከፍተው በባለቀለም ኪዩቦቹ መሃል አንድ ዓይኑ የተሰነጠቀ መነጽር ተቀምጧል።

ረዳት መምህሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ስንት ዓመት የደከምኩበትን ፈተና ‹ይሄ ደሃን ከሀብታም እንጂ ብልህን ከሰነፍ አይለይም› አሉኝ። የዶክትሬት ሥራዬን ሊጥሉት ነበር። በጥፊ መታኋቸው። ይወድቃሉ ብዬ አላሰብኩም። መነጽሩ ላይ ቀርቶ እንዳያጋልጠኝ ደበቅኩት።»

«ጋሼስ ምን አደረገህ?» አለች እህትየው።

«እሱን ማንም አይቀጣውም ብዬ ነው።»

«ዕድሜ ልኩን ሊቆለፍበት ነበር እኮ!»

ልትመታው እጇን አነሳች፤ ጋሼ እያያት ስለነበር መልሳ አወረደችው። ወንድሟ ተረፈላት፤ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ ደስታው ግን አልመጣ አላት።

የረዳት መምህሩ እጅ ላይ ካቴና ሲገባ ጋሼ ኪዩቦቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ ወንበር ሳበለት። «መምህሬ፣ ተቀመጥ እንጂ። ዛሬ እኮ ፈተና አልሰጠኸኝም።» ሰውየው ዞር ብሎ ሳያየው ወጣ። ጋሼ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ መኪናው እስኪሄድ ተመለከተ።

«እቴ፣ የወሰዱት እኔ ስለተናገርኩ ነው?»

እህትየው አቀፈችው።

«ንገሪኝ እንጂ» አለ ጋሼ ትከሻዋን እየነቀነቀ፣ እንባው እየወረደ።