ለጅረቱ የተገዙ ዓሦች

«ሐዊ! ነይ ያዢልኝ፣ ሊፈስ ነው!»

ሐዊ የሒሳብ መጽሐፏን ዘግታ ወደ ፓርኪንጉ ወረደች። አባቷ አዲሱ ከጎረቤታቸው ከጋሽ ይርጉ ታክሲ ኋላ ቆሞ አንድ ትልቅ የላስቲክ ከረጢት እንደ ሕፃን አቅፏል። ከረጢቱ ውሃ ሞልቶታል፤ ውሃው ውስጥ ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ይተራመሳሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቆሮሶ ነዋ! ማኪኒ ከተማ የከብት መኖ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ በመኪና ይመጣለታል።»

«እሺ፣ ለምን ገዛችሁት?»

«ለጅረቱ! ያንቺው ፕሮጀክት እኮ ነው። አንቺ በወረቀት ሠራሽው፣ እኛ ደግሞ በተግባር።»

ጋሽ ይርጉ የታክሲውን የኋላ ኮፈን ዘጋ። አሜሪካ ከመጣ ቆይቷል፤ እንግሊዝኛው ተሳፋሪ ለማድረስ ይበቃል። «ሶ፣ ዛሬ ከጨመርናቸው ለሰኔ ጾም ይደርሳሉ። ባለሱቁ ‹የራሳችሁ ኩሬ ነው?› ሲለኝ ‹የስ!› አልኩት። ከአፓርትመንታችን ጀርባ አይደል እንዴ? ሬንት እየከፈልን!»

«በሰኔ ጾም ዓሣ ይበላል ያለው የቱ ቄስ ነው?» የሚል የእናቷ ድምፅ ከበረንዳው ላይ መጣ።

«ጀመረች!» አለ አባቷ፤ ከረጢቱን እንዳቀፈ ወደ ጅረቱ መንገድ ጀመረ።

ሐዊ ክው ብላ ቀረች።

ሐሙስ ማታ ትምህርት ቤቷ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ነበረው። የእሷ ፖስተር ስለ ሳልመን ነበር፤ ባሕር ውስጥ አድጎ ለመራባት ወደተፈለፈለበት ወንዝ ስለሚመለስ ዓሣ። ግድብ መንገዱን ዘጋበት፣ ውሃው ሞቀበት፣ ቁጥሩ ተመናመነ። ሰዎች ታዲያ በገንዳ እያራቡ ወንዝ ውስጥ መጨመር ጀመሩ። ሐዊም መጀመሪያ «በቃ፣ መፍትሔው ተገኘ» ብላ ነበር። እያነበበች ስትሄድ ግን ነገሩ ሌላ ሆነባት። የገንዳው ዓሣ የዱሩን ዓሣ ምግብ ይሻማል። ከዱሩ ጋር ሲዳቀል ልጆቹ ወንዙን የሚችሉበት አቅም ይደክማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው ወንዙ በዓሣ ሲሞላ ያያል፤ ስለ ግድቡ ማሰቡን ይተዋል። አስተማሪዋ ይህንን ሁሉ ለአባቷ ቆማ በእንግሊዝኛ አስረዳችው። ሐዊ መጀመሪያ ያመነችውን ራሷ ለማፍረስ ስለመድፈሯም ብዙ ተናገረች።

«ምን አለች?» አለ አባቷ።

ጓደኛዋ ዊንታ በሩ ላይ ቆማ ፒዛው እያለቀ መሆኑን በእጇ ትጠቁማለች። ሐዊ የቤቱ አስተርጓሚ ናት፤ አከራዩ ሲደውል እሷ፣ ባንክ ሲኬድ እሷ፣ ሐኪም ቤት እሷ። ታክቷታል። «ዓሣው ሲያልቅ እያራቡ ወንዝ ውስጥ ይጨምራሉ ነው የምትለው። እኔንም ጎበዝ ናት ብላለች» አለችና ሮጠች።

ያቺ አጭር መልስ አሁን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ትዋኛለች።

ሮጣ ስትደርስባቸው ሁለቱ ሰዎች ጅረቱ ዳር ተንበርክከዋል። ይህን ቦታ ታውቀዋለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቆማ ታየዋለች። ሆዳቸው ብርቱካን የመሰለ ትንንሽ ዓሦች አሉበት፤ በዚህ ወራት ወንዱ ጠጠሩን በጭራው እየጠረገ ክብ ጎጆ ይሠራል፣ የመጣበትን ሁሉ ያባርራል። የተገዙት ቆሮሶዎች ከገቡ ያንኑ ጠጠር፣ ያንኑ ምግብ ነው የሚሻሙት።

«አባዬ፣ ተው! ያለ ፈቃድ ዓሣ መጨመር ክልክል ነው» አለች።

እውነት ነው፤ ክልክል ነው። በዚህ ቢያልቅላት ምንኛ ደስ ባላት!

«ማን ያየናል?» አለ ጋሽ ይርጉ። «ደግሞ ቲቸሯ ራሷ ጥሩ ነው ብላ የለ!»

«እሱስ እውነት ነው» አለ አባቷ፤ የከረጢቱን ቋጠሮ መፍታት ጀመረ። «እሷ ካለች፣ አለች ነው። ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነግሬያለሁ።»

«አላለችም!»

የአባቷ ጣቶች ቋጠሮው ላይ ቆሙ።

«ጥሩ ነው አላለችም። እንደዛ ያልኩህ እኔ ነኝ። ማለቴ... ግማሹን ነው የነገርኩህ።»

ከዚያ ቀሪውን ነገረችው። ስለ ገንዳው፣ ስለ ዱሩ ዓሣ፣ ስለ ግድቡ፤ አንዳንዱ ቃል በአማርኛ እየጠፋት፣ በእጇ እያሳየች። ጋሽ ይርጉ ራሱን ያዘ። «ወይ ጣጣ! ታክሲዬን የዓሣ ሊሞዚን ያደረግኩት ለዚህ ነው? በይ ንገሪኝ፣ አሁን የት ላድርሳቸው?»

«ወደ ሱቁ ይመልሷቸው፣ ጋሽ ይርጉ። ባለሱቁ ባይቀበለን እንኳ ኩሬ ያለው ሰው ያውቃል።»

አባቷ ቋጠሮውን መልሶ አጠበቀ። «ለምን ግማሹን?» አለ።

«ደክሞኝ ነበር! ሁልጊዜ እኔ ነኝ፣ አባዬ። ሰው ሲያወራ አንተ ‹ምን አለ?›፣ አንተ ስታወራ ሰውዬው ‹ምን አለ?›። እኔን ምን አልሽ የሚለኝ የለም!»

ትጮህበታለች ብሎ አልጠበቀም። እሷም አልጠበቀችም። አባቷ ከረጢቱን ሣሩ ላይ አስቀመጠና ዓሦቹን ትንሽ አያቸው።

«የሐኪሙስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«የቱ ሐኪም?»

«የእኔ። ስለ ደም ግፊቴ ያን ሁሉ አወራ፤ አንቺ ‹ጨው ቀንስ ነው የሚልህ› አልሽኝ።»

ሐኪሙ ብዙ ነበር ያለው። የክኒኑ ብልቃጥ ፍሪጁ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ አባቷ ካነሳው ሰንብቷል። «ሌላ ነገር አላለም» ብትል አባቷ ያምናታል። ሁልጊዜም ያምናታል፤ ያስጨነቃትም ይኸው ነው።

«ረጅም ነው» አለች።

«ማኪኒም ሩቅ ነው» አለ አባቷ።

ከረጢቱን ተጋግዘው ተሸከሙትና ወደ ታክሲው ተመለሱ። ሐዊ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች፤ አባቷ ሁልጊዜ ከፊት ነበር የሚቀመጠው፣ ዛሬ ግን ከጎኗ ገባ። ከረጢቱን መሐላቸው አደረጉት።

«መጀመሪያ ያለው» አለች መኪናው ሲንቀሳቀስ፣ «ደህና ነኝ ብለህ ክኒኑን እንዳታቋርጥ ነው። ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ለምን እንደሆነም ነግሮናል።»

ጋሽ ይርጉ ሬዲዮውን ዘጋ።