የግራው ፔዳል

የጂኦግራፊ መምህሩ የሞተው በብስክሌቱ አገር ለአገር ሊዞር፣ ለሦስት ወር ወደ ውጭ ሊበር በነበረበት ቀን ነው። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። አብሮት ሊጓዝ የነበረው የጥርስ ሐኪም ጓደኛው ስድስት ሰዓት ላይ ሊወስደው ሲመጣ፣ መምህሩ ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተዘርሯል። ብስክሌቱ የታሸገበት ትልቅ ካርቶን አጠገቡ ወድቋል።

ጉዳዩ የተመራላት ኢንስፔክተር እርምጃዋ ቀስ ያለ፣ ዓይኗ ግን ፈጣን ሴት ነበረች። መጀመሪያ ያነጋገረችው የጥርስ ሐኪሙን ነው።

«ነገሩ ግልጽ አይደል?» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ሃያ ሦስት ኪሎ ብቻውን ተሸክሞ ሲወርድ አዳልጦት ነው። እስክመጣ ጠብቀኝ ብዬው ነበር።»

«ለማሸግ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል?»

«አንድ ሰዓት ተኩል። ሰባት ጊዜ አብረን ተጉዘናል፤ አሳጥሮ አያውቅም። ጫኞቹ ይወረውሩብኛል እያለ እያንዳንዱን ብረት በስፖንጅ ይጠቀልላል። እናት ልጇን እንዲያ አትጠቀልልም።»

የመምህሩ ታናሽ እህት ፎቅ ላይ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ግማሽ አካላቸው ሽባ የሆነውን አባቷን በግራ እጇ ውሃ ታጠጣለች። ቀኝ እጇን በቀሚሷ ኪስ ከታዋለች።

«አራት ሰዓት ላይ የአባዬን መድኃኒት ላመጣ ወጣሁ» አለች። «ጋሼ ያኔ ገና ብስክሌቱን መፍታት መጀመሩ ነበር። ክሊኒኩ ወረፋ ነበረው፤ ስመለስ ሰባት ሰዓት ሆኗል።»

«እጅሽን ምን ነካው?»

«ድስት አቃጥሎኝ ነው።»

ኢንስፔክተሯ እጇን ለማየት ጠየቀች። መዳፏ መሃል ላይ ውሃ የቋጠሩ ሁለት እብጠቶች ነበሩ።

«አባባ፣ እርስዎስ ምን ሰሙ?»

«ካርቶኑን ሲያሽግ ፕላስተሩ ሲቀደድ ሰማሁ» አሉ ሽማግሌው። «ከዚያ… ወደቀ።» ዓይናቸው ግን ከልጃቸው ላይ አልተነሳም።

ክሊኒኩ ቃሏን አረጋገጠ። ከአራት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ እዚያው ወረፋ ይዛ ነበር። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደግሞ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው ከማለት አላለፈም። ወድቆም ወዲያው እንዳልሞተ ጨምሮ ተናገረ። ኢንስፔክተሯ ይህን ሰምታ ካርቶኑ እንዲከፈት አዘዘች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም አባትየው ክፍል ተሰበሰቡ፤ እሳቸው ወደ ሌሎቹ መሄድ አይችሉምና። የጥርስ ሐኪሙ በመስኮቱ በኩል ቆሟል። የመምህሩን ብስክሌት ሲጠግን የኖረው፣ ሰፈሩ «ብሎን» የሚለው መካኒክ ከካርቶኑ ጎን ተንበርክኳል። እህትየው የአባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«የቀኙ ፔዳል ተፈትቶ በከረጢት ተቀምጧል» አለች ኢንስፔክተሯ። «የግራው ግን እንዳለ ነው፤ መፍቻው የሚይዝበት ጠርዝ ተላልጧል። ለምን ይመስልሃል?»

«ግራው የሚፈታው በተቃራኒው ነው» አለ ብሎን። «የማያውቅ ሰው እንደሌላው ሲያዞረው ጭራሽ ያጠብቀዋል። ጉልበት በጨመረ ቁጥር ይብስበታል፤ መፍቻውም መዳፉን ውሃ ያስቋጥረዋል።»

«መምህሩ ይህን አያውቅም ነበር?»

«ጋሼ? ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚፈታው።»

«ዶክተር፣ እስቲ ጎማዎቹን ንካቸው።»

የጥርስ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ተጫናቸው። «ድንጋይ ናቸው። ለአውሮፕላን ሁልጊዜ ያስተነፍሳቸው ነበር።»

«እንግዲያው ያሸገው መምህሩ አይደለም። ያሸገው ሰው ግን መምህሩ ያሸገው እንዲመስለን ፈልጓል። አራት ሰዓት ላይ መፍታት ከጀመረ እስከ አምስት ተኩል በሕይወት ነበር እንድንል ነው። ይህ የሚጠቅመው በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ሰው ያየውን ነው። ዶክተርና ብሎን ቢያሽጉት ኖሮ አሳምረው ባሸጉት ነበር። አባባ ከአልጋ አይነሱም። የቀረው…»

«ይበቃል» አለች እህትየው። ቀኝ እጇን ከኪሷ አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሳምንት ብቻ ተካኝ ብዬ ለመንኩት። እሱ በየዓመቱ ይሄዳል። ትናንት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከደረጃው ራስ ጃኬቱን ይዤ አልለቅም አልኩት። ሲመነጨቀኝ እጄ ለቀቀ። ወደቀ።»

«ይተነፍስ ነበር?»

«ይተነፍስ ነበር። ስልኩን አነሳሁ። ያስሩኛል፣ አባዬን ማን ያገላብጠዋል ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። እሱ ሲያሽግ እንዳየሁት ማሸግ ጀመርኩ። ስጨርስ ዝም ብሏል። ካርቶኑን በደረጃው ላይ ገፋሁት።»

«ሁለት ጊዜ ‹አባ› ብሎ ጠርቶኛል» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው በጭንቅ ይሰማል። «እግሬን ለመንኩት፣ አልታዘዝ አለኝ። እሷን ጠራሁ፤ በሩን ዘጋችብኝ። ከዚያ ያ ፕላስተር ይቀደድ ጀመር።»

«ለምን አልነገሩኝም፣ አባባ?»

«አንዱ ሄዷል። ሁለተኛዋን በአፌ ላስወስዳት?»

ኢንስፔክተሯ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለአረጋውያን መጦሪያው ደወለች፤ ወረፋው አራት ወር ነው አሏት። የጥርስ ሐኪሙን ዞር ብላ አየችው። «በሽተኞች አሉኝ…» ብሎ አቀረቀረ። ብሎን ባርኔጣውን በእጁ ያሻሽ ነበር።

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ገባ። እህትየው «አንዴ ብቻ» ብላ ተነሳች። ክንዷን በአባቷ ጀርባ ስር አስገብታ ወደ ግድግዳው አገላበጠቻቸው፤ ትራሱን በጉልበቶቻቸው መሃል አደረገች።

«ግራ ጎኑ ቆስሏል» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ። «በየሁለት ሰዓቱ ነው።»

ከዚያ እጆቿን ዘረጋች። ፖሊሱና እህትየው ደረጃውን ሲወርዱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩት ሽማግሌ «ከሁለት ሰዓት በኋላስ?» ብለው ጠየቁ።

ኢንስፔክተሯ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።