ቀላሉ አረር

ካሳሁን፣ ኖርክሮስ ከተማ ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ፣ የጥይት አረር ከሚያፈስበት ጠረጴዛ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ደረቱ ላይ አንድ ቀዳዳ፣ ቀኝ እጁ አጠገብ የገዛ ሽጉጡ፣ ሪቮልቨሩ። እርሳስ የሚያቀልጥበት ድስት ቀዝቅዟል። ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ፎጣ አዲስ የፈሰሱ አረሮች፣ ለስላሳና ብርማ፣ እንደ ባቄላ ተሰጥተዋል።

የካውንቲው መርማሪ ማራኪ ስትደርስ ቀድሞ የመጣው ፖሊስ ፍርዱን ጨርሶ ነበር፤ «ራሱን ነው የገደለው» አላት። ቃሉ ከሱ አፍ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ማራኪ ሳሎን ስትገባ ለቀስተኞቹ ያንሾካሹካሉ፤ ሰው ለሞተበት ሳይሆን ነውር ለደረሰበት ቤት እንደሚደረገው።

የሟቹ ሚስት ፀሐይነሽ፣ ደንዉዲ ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው፣ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። አላለቀሰችም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ልጄ። ትቶኝ ነው የሄደው ወይስ ወስደውብኝ ነው?»

«ገና አላውቅም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እወቂና ተመለሺ።»

ማራኪ ጋራዡን ዳግመኛ አየችው። ካሳሁን ዕድሜውን በመኪና አካል ጥገና ያሳለፈ፣ ቁራጭ ብረት የማያባክን ሰው ነበር፤ መደርደሪያው ላይ ግን የማይረባ የተሰበረ የመኪና መብራት በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ፣ ከተከፈተው ካርቶኗ አጠገብ፣ የቀለጠ እርሳስ ፈስሶባት አረር የምታወጣ ትንሽ የአሉሚኒየም ሞልድ አለች። ማራኪ ሞልዷን ይዛ ወጣች።

«ይቺ መቼ መጣች?»

«ትናንት። እራት ሳትበላ አትከፍትም ብዬ ደበቅኩበት። ጠዋት ለሺፍቴ ስወጣ ስሰጠው እንደ ሕፃን ሳቀ።» ፀሐይነሽ ሞልዷን አልነካችም። «ስንት ወር ሲመርጣት የኖረ! የእጁ አንጓ ኦፕሬሽን ከተደረገ ወዲህ የከባዱን አረር ርግጫ አልቻለም። ለሪቮልቨሩም ለጠመንጃውም የሚሆን፣ ቀላል አረር የምታወጣ ፈለገ።»

«ሰሞኑን የከበደው ነገር ነበር?»

«የወንድሜን የእንድርያስን መኪና ከሠራለት ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። ‹ድካም ነው› አለኝ።»

ከሬሳው የወጣው አረር በጥይት መመዘኛው በግሬን ሲመዘን ወደ ሦስት መቶ ሆነ። ፎጣው ላይ ያሉት ግን ሁለት መቶ ሁለት መቶ ናቸው።

ካሳሁን አብረውት የሚያድኑ ሦስት ሰዎች ነበሩት። ማራኪ መጀመሪያ ያገኘችው የወሎውን ሰው ሙሀመድሰዒድን ነው፤ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ መሪው ላይ ተደፍቶ ነበር።

«ወላሂ፣ ሙግታቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው» አለ። «ቶሎሳ ‹ቀላል አረር የዱር አሳማውን ያስቀዋል እንጂ አይገድለውም› ይላል። ካሳሁን ደግሞ ‹ይሳቅ፣ እኔን ካላስለቀሰኝ!› እኔማ ገድዬ ጥዬው ለምመለስ አሳማ ቀለለ ከበደ ምን አገባኝ?»

«ከባዱን ጥይት ከየት ታመጣላችሁ?»

«ከቶሎሳ ነዋ። አፍስሶ፣ ቀለሁ ላይ ገጥሞ ያድለናል። እኔም እንድርያስም ቤት በሣጥን አለ።»

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ቶሎሳ፣ ቻምብሊ ከተማ ባለው ጎማ ቤቱ፣ ዓይኑን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበላት።

«ካሳሁን ቤት ከባድ ጥይት ቀርቶ ይሆን?»

«አንድም የለ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ሁሉንም አብረን ፈታን፤ አረሩን ድስት ውስጥ ጨመርነው። ሪቮልቨሩ ባዶውን ነበር የተሰቀለ።»

«አዲስ ሞልድ ሲጀመርስ እንዴት ነው?»

«ብርድ እንደያዘው ሰው ነው፣ እህቴ። እስኪግል ድረስ የሚያወጣው ሁሉ ጭምድድ ያለ ነው። እሱን ወዲያው ወደ ድስቱ መልሰን እናቀልጠዋለን። የሚያሳፍር ሥራ ማን ያስቀምጣል?»

እንድርያስን አፓርትመንቱ በር ላይ አገኘችው። ከእህቱ በብዙ ያንሳል፤ ስልኩን ከእጁ አላወረደም።

«ሊሰን፣ ካሳሁን ዲፕረስድ ነበር። ኤቭሪባዲ ያውቃል። ለምን ታካብጂዋለሽ?»

«መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«መኪናዬን ከሠራልኝ ወዲህ እነሱ ቤት አልሄድኩም። አልደወልኩለትምም። ቢዚ ነኝ።»

«ያቺ የመረጣት ሞልድስ? ሰምተሃል?»

«ካም ኦን!» ብሎ ሳቀ። «ያን እንደ ሽማግሌ ግንባር የተጨማደደ አረር ይዞ ምን ሊገድል ነበር?»

ማራኪ አመስግናው ሄደች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ የካሳሁን ስልክና በፎጣ የተጠቀለለው መብራት እንዲመረመሩ በስልክ አዘዘች። መልሱን አገኘችው፤ የሚከብዳት ለፀሐይነሽ ይዛው መግባቱ ነበር።

በማግስቱ ሦስቱን ሰዎች እነፀሐይነሽ ቤት አስጠራች። ለቀስተኞቹ በረንዳ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ፤ አንድ ፖሊስ በሩን ይዞ ቆመ።

«ካሳሁን ራሱን አልገደለም» አለች ማራኪ። «ሊሞት የቆረጠ ሰው ለእጁ አንጓ አያዝንም። እሱ ግን በሞተበት ጠዋት እጁን የማትጎዳ ሞልድ ከፍቶ ሥራ ጀምሯል። ደረቱ ላይ የተገኘው አረር ከባዱ ነው። ከባድ ጥይት በዚህ ቤት አልነበረም፤ ሪቮልቨሩም ባዶ ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ጥይቱን ከራሱ ቤት ይዞ መጥቶ የተሰቀለውን ሪቮልቨር አጎረሰበት። ያ ጥይት ያለው ደግሞ እናንተ ሦስታችሁ ዘንድ ነው።»

«እኔ ያፈሰስኩት ነው!» አለ ቶሎሳ፤ ድምፁ ተሰበረ። «በኔ እጅ ነው የሞተው!»

«በእርስዎ እጅ አይደለም፣ ጋሼ። እርስዎ አዲስ ሞልድ የተጨማደደ አረር እንደሚያወጣ፣ እሱም ተመልሶ እንደሚቀልጥ ነገሩኝ። ሞልዷ የተከፈተችው ያን ጠዋት፣ እትዬ ፀሐይነሽ ከወጡ በኋላ ነው። ሬሳው ሲገኝ ፎጣው ላይ የነበረው ሁሉ ለስላሳ ነው፤ የተጨማደደው ቀልጧል። ካሳሁን ያን ጠዋት ለማንም አልደወለም፣ ፎቶም አልላከም፤ ስልኩን አይተናል። እንግዲህ የተጨማደደውን ያየ ሰው ሲፈስ አጠገቡ የቆመ ብቻ ነው።» ወደ እንድርያስ ዞረች። «አንተ ነገርከኝ።»

«ዋት? አዲስ ሞልድ ሁሌ እንደዚያ ነው፤ ማንም ያውቃል!»

«እኔ አላውቅም» አለ ሙሀመድሰዒድ ቀስ ብሎ። «አሁን መስማቴ ነው።»

«አንተስ ከማን ተማርከው?» አለ ቶሎሳ። «‹የእርሳሱ ጭስ ለሳንባዬ› እያልክ አንድ ቀን ድስት አጠገብ ቆመህ አታውቅ!»

ማራኪ ከፎጣው የፈታችውን የተሰበረ መብራት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ካሳሁን ከመኪናህ አውጥቶ ያስቀመጠው ነው። የጎደለው ስባሪ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ አንዲት መንገድ ስታቋርጥ የነበረች ሴት ተገጭታ ከሞተችበት ቦታ ተለቅሟል። ገጥሟል። ገጪው አልቆመላትም ነበር።»

የእንድርያስ ስልክ ከእጁ ወደቀ።

«እስከ እሑድ ብሎ ቀን ቆረጠልኝ» አለ። «‹ሄደህ እጅህን ስጥ፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ፤ የዚያችም ሴት ቤተሰብ ማወቅ አለበት› አለኝ። ለመንኩት። አረሩን እያፈሰሰ ‹በርታ፣ አብሬህ እሄዳለሁ› ይለኛል! ላይፌ አለቀ እኮ ነው የምለው፣ እሱ አብሬህ እሄዳለሁ ይላል!»

«ጥይቱን ግን ከቤትህ ይዘህ ነው የመጣኸው» አለች ማራኪ።

ፖሊሱ እጁን ወደ ኋላ ሲያስረው እንድርያስ ወደ እህቱ ዞረ። «ፀሐዬ፣ ሎየር ጥሪልኝ። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

«እኔስ ማን አለኝ?» አለችው። «መኪናውን ሥራለት ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ‹ልጅ ነው፣ አትቆጣው› ያልኩትም እኔ ነኝ።»

በጓሮ በር ወሰዱት። ሙሀመድሰዒድ ጉልበቱን እያየ ቀረ፤ ቶሎሳ ተነሥቶ መልሶ ተቀመጠ። ባል ለሞተባት «ያጽናሽ» ይባላል። ወንድሟ ባሏን ለገደለባት ምን እንደሚባል ከመካከላቸው ያወቀ አልነበረም።

ፀሐይነሽ ማራኪን ቀና ብላ አየቻት። «አልተወኝም፣ አይደል?»

«አልተወዎትም፣ እትዬ። ወንድምዎ እጁን ሲሰጥ አብሮት ሊሄድ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና በረንዳው ላይ የሚንሾካሸኩት ሰዎች ወዳሉበት በር ሄደች። ቶሎሳ ሊቀድማት ሞከረ፤ «እህቴ፣ ለነሱ እኔ ልንገርልሽ።»

«ተቀመጥ። ባሌን ያሙት በኔ ፊት ነው፤ ወንድሜንም ከኔ ይስሙ» አለችና በሩን ከፈተችው።