መብራት ሲመጣ

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ሰኔ ላይ የገባው ዝናብ እስከ መስከረም አላባራም። ዱቄት ተወደደ። ገርጂ ሰፈር መብራት በየቀኑ ይጠፋ ነበር። የሊና አባት የአቶ ገረመው ዳቦ ቤት ጀነሬተር ተበላሽቶ ቆመ፤ ሠራተኞቹም ተሰናበቱ። የቀረው ሊጥ አቡኪው ሚስባህ ብቻ ነበር። ነሐሴ ላይ ማቡኪያ ማሽኑ ቀኝ እጁን ያዘው። ሆስፒታል ከአንጓው ቆረጡት።

አሁን ጥቅምት ነው። ዛሬ ማታ ሽማግሌዎች የሚስባህን ጉዳይ ሊዳኙ እነ ሊና ቤት ይመጣሉ።

«እና ልትናገሪ ነው?» አለቻት ጓደኛዋ ሰብሊ። ከትምህርት ቤት ወጥተው ኢምፔሪያል ጋ ታክሲ እየጠበቁ ነበር።

«አላውቅም።»

«ፋዘርሽ እኮ ነው! ቀወስሽ እንዴ?»

«ሆስፒታል ሄጄ ሳየው ‹ያየሽውን ትናገሪልኛለሽ?› አለኝ። እሺ አልኩት።»

«ለታመመ ሰው ሁሉም እሺ ይላል ባክሽ።»

ሊና ሆስፒታል ከሄደችበት ቀን በኋላ ሚስባህን ሄዳ አልጠየቀችውም። መንገድ ላይ አጎቱን ስታይ እንኳ ተሻግራ ነበር የምታልፈው።

ማሽኑ ክዳኑ ሲነሳ ወዲያው የሚያቆመው ቁልፍ አለው። አባቷ ያንን ቁልፍ በፕላስተር አሰረው፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖም እንዲሠራ። «በየደቂቃው እየቆመ መብራት ሳይጠፋ አንጨርስም» ብሎ ነበር። ፕላስተሩን በመቀስ እየቆረጠች ያቀበለችው ሊና ናት። በማግስቱ መብራት ጠፋ። ሚስባህ ሊጡ እንዳይደርቅበት እጁን አስገብቶ ያገላብጥ ጀመር፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያደርገው ነው። ማሽኑን ግን አላጠፋውም ነበር። መብራት መጣ።

ማታ ሳሎኑ ሞላ። ሚስባህ ከአጎቱ ከሱልጣን ጋር ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሊና ለስላሳ አቀረበች። ሚስባህ በግራ እጁ ተቀበላትና ጠርሙሱን ዝቅ አድርጎ ያዘው።

«እንዴት ነው፣ ለመድከው?» አሉት ትልቁ ሽማግሌ አቶ ኃይለኪሮስ።

«እኔስ ለመድኩት፣ አባባ። እናቴ ግን በግራ እጄ ስበላ አይታ ፊቷን አዞረች።»

አቶ ኃይለኪሮስ ወደ ሊና አባት ዞሩ።

«አንተስ ምን ትላለህ ገረመው?»

«እጅህን አታስገባ ብዬዋለሁ። መቶ ጊዜ! አልሰማ አለኝ። ቢሆንም አገሩ ገብቶ መቋቋሚያ የምችለውን እሰጠዋለሁ።»

«እኛ ችሮታ አልጠየቅንም አቶ ገረመው» አለ ሱልጣን። «ሥራ ላይ ለተጎዳ ካሣ አለው። ሕግ ነው።»

«ተከልክሎ እንቢ ካለ የለውም። ሂድና ጠይቅ!»

«ሲከለክለው የሰማ አለ?» አሉ አቶ ኃይለኪሮስ።

ሚስባህ ወደ ሊና አልተመለከተም። ቢመለከታት ይቀላት ነበር።

«አባዬ አልከለከለውም» አለች ሊና። «የማሽኑን ማቆሚያ ቁልፍ ያሰርነው እኛ ነን። እኔም ፕላስተር አቀብያለሁ። ክፍቱን ይሥራ ያለው አባዬ ነው።»

«ሂጂ ግቢ አንቺ!» አላት አባቷ።

አልገባችም።

«ገረመው፣ ልጅቷ ዋሸች?» አሉ አቶ ኃይለኪሮስ።

አባቷ መሬት መሬቱን አየ። ሊና እንዲህ አንገቱን ደፍቶ አይታው አታውቅም። በዚያች ቅጽበት ቃሏን መልሳ ብትውጠው ወደደች።

«አልዋሸችም» አለ በመጨረሻ።

«ችሎት ፊትም ትይዋለሽ?» ሲል ጠየቃት ሱልጣን።

አባቷን አየችው። ቀና አላለም።

«እላለሁ።»

«ዘገየሽ» አላት ሚስባህ በቀስታ።

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

ሚስባህ ወደ አጎቱ ጠጋ ብሎ ሶፋው ላይ ቦታ ለቀቀላት።