መዳፍ የምታህል ብርሃን

ጥቁር መኪና የእጅን ስንፍና አይሸሽግም። ቡናማው ጭቃውን፣ ግራጫው አቧራውን ከቀለሙ ጋር አስማምቶ ይከርማል፤ ጥቁሩ ግን በሚገባ ያልጠረገውን እጅ ለፀሐይ አሳልፎ ይሰጣል። ጌጥን እንደ ትዕቢት በሚሸሸው በእኛ በሜኖናይት ክርስቲያኖች ማኅበር መኪና ሁሉ ጥቁር ነው። ፋብሪካው ነጭ ክሮም አልብሶ እንዲያብለጨልጭ የሠራው ባምፐር፣ ከፊትና ከኋላ ያለው መከላከያ ብረት እንኳ፣ መኪናው ተገዝቶ እንደመጣ በብሩሽ ጥቁር ይቀባል። ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱን አልነቅፍም። የምጽፈው ሥርዓቱን ስላፈረሰችው እጅ ነው፤ እጂቱም የእኔ ናት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ቤታችንን የያዘችው የአባቴ እህት አክስቴ ሎቪና ነበረች። አባቴ ኦሳያ ጊንግሪች የማኅበሩ ዲያቆን ነበር። በእኛ ዘንድ ዲያቆን ማለት፣ አጠፋ የተባለውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ማለት ነው።

የስንዴው አጨዳ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ አምዚ ብሩባከር ሁለት የወተት ቢዶን ይዞ ግቢያችን ገባ። ከእኛ በስተምሥራቅ ሦስተኛው እርሻ የእነርሱ ነው። እኔ ልብስ አሰጣ ነበር።

«ዲያቆን አሉ?»

«እርሻ ናቸው። ምን ልበልልህ?»

«ውሃ ፈልጌ ነበር። የዝናብ ውሃ።»

አክስቴ በወጥ ቤቱ መስኮት አንገቷን አወጣች። «አንተ የብሩባከር ልጅ! እናንተ ቤት ውሃ ጠፋ?»

«ጉድጓዱማ አለ፣ እመት ሎቪና። ግን ኖራ ነው የምንጠጣው። መኪናዬን ሳጥብበት ኩፍኝ እንደያዘው ልጅ ነጠብጣብ ያወጣል። የዝናብ ማጠራቀሚያችንን ደግሞ ውርጭ ሰነጠቀው።»

«ነጠብጣቡ ምን አደረገህ? ኖኅ መርከቡን ሰም ቀብቶ ነበር?»

«ቅጥራን ነው የቀባው፤ ውስጡንም ውጭውንም። እሱም ጥቁር ነው።»

አክስቴ መስኮቱን ዘጋችው። ስትስቅ ግን በመስታወቱ ውስጥ አየኋት።

አባቴ ማታ ሲሰማ እህሉን እያኘከ ጥቂት አሰበ። «ዝናቡ የእግዚአብሔር ነው፤ አልከለክለውም። ውሃ ተሸክሞ ከሚንገላታ መኪናውን ያምጣ። ከመንገድ በማይታይበት በኩል ግን ያቁመው» አለ።

ከዚያ ወዲያ አምዚ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ጀመር። መኪናውን ከጎተራው ጀርባ ከትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ያቆማል፤ ፀሐይ ላይ የታጠበ ጥቁር መኪና ውሃው ሳይጠረግ ደርቆ መስመር ያወጣልና። ፓምፑን እኔ እገፋለሁ፤ እርሱ ሁለት ባልዲ ይሞላል፤ አንዱ የሳሙናው፣ ሁለተኛው ጨርቁ አፈሩን የሚጥልበት ነው። ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ካጠበ በኋላ በረጠበ ለስላሳ ቆዳ ያደርቀዋል፤ ከዚያም ሰሙን እንደ ውድ ቅቤ ቆጥቦ በስሱ ይቀባል፤ ሲደበዝዝ በንጹሕ ጨርቅ ያነሣዋል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጨርቅ ሰጠኝ።

«በክብ አትሺው። ከፊት ወደ ኋላ፣ ነፋሱ በሚሄድበት።»

«በክብ ባሸውስ?»

«ፀሐይ ስትወጣ እጅሽ የት የት እንደዞረ ትናገርብሻለች።»

ሳቅኩ፤ ጨርቁም ከእጄ ወደቀ። አንሥቼ ልቀጥል ስል እጄን ያዘ። ወዲያው እንደ ጋለ ብረት ለቀቀው።

«መሬት የነካ ጨርቅ ወደ መኪናው አይመለስም» አለ፣ ፊቱ ቀልቶ። «አንዲት የአሸዋ ፍሬ ዕድሜ ልክ የማይጠፋ ጭረት ትተዋለች።»

ሌላ ጨርቅ ሰጠኝ። እጄ የተያዘበት ቦታ እስኪመሽ ድረስ የእኔ አልመስል አለኝ።

ቤታችን የነበረው መስታወት አባቴ ጢሙን የሚላጭበት አንድ ብቻ ነበር፤ ከግማሽ ፊት በላይ አያሳይም። አምዚ የነጂውን በር ጨርሶ «ነይማ» ሲለኝ ቀርቤ ቆምኩ፤ በጥቁሩ ውስጥ አንዲት ሴት ከቆብ እስከ ወገቧ ቀጥ ብላ ቆማለች። ከትከሻዋ በላይ ደግሞ የእርሱ ፊት አለ። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ከጎተራው የዶሮዎቹ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ምን ታያለሽ?»

«ሜዳውን» አልኩ።

የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነበር። ትንሽ ስለሆነ ኃጢአት አልመሰለኝም።

«ከመከሩ የጌታ እራት በኋላ አባትሽን አናግራቸዋለሁ» አለ።

«ስለ ምን?»

«ስለ ውሃው ነዋ!» ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስለ ውሃው ብቻ አይደለም» አለ።

በዚያው ዕለት አስጠነቀቀኝ። «ባምፐሩን ጥረጊው እንጂ አትሺው። ቀለሙን ክሮሙ ላይ በብሩሽ የደረብኩት እኔ ነኝ፤ መታሸት አይችልም።»

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ የማመካኝበት ጆሮ የለኝም።

አጨዳው ባለቀበት ቅዳሜ አባቴ ከጋጣው ተጣራ። «አምዚ! ላሚቱን ምጥ ይዟታል፤ ጥጃው ተገልብጧል፤ ቶሎ ና!» አምዚ ጨርቁን ጥሎ ሮጠ። እኔና መኪናው ብቻችንን ቀረን። በሩ ጥላ ውስጥ ገብቶ ፊቴን አላሳየኝም፤ የምሽቱ ፀሐይ ያረፈችው ባምፐሩ ላይ ነበር። እርሱ ግን የብሩሽ መስመር ያለበት ድፍን ነበር፤ ፊቴን እንደ ጭጋግ ብቻ መለሰልኝ። ያረጀ ቀለም የሚያለሰልሰውን ሻካራ ቅባት አምዚ ካመጣው ቆርቆሮ በጣቴ አወጣሁ። ‹ሲመለስ መላው መኪና አምሮ ያግኘው› ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ሌላ ነው፤ ራሴን ማየት ፈልጌ ነበር። አሸሁ፤ በክብ አሸሁ፤ ጥቁሩ መጥራት ሲጀምር ደስ ብሎኝ ጨመርኩ።

ድንገት ከጨርቁ ሥር ነጭ ነገር አበራ። መዳፍ የምታህል ክሮም ወጣች፤ በውስጧም አፌን ከፍቼ ራሴን አየሁት።

ያን ጊዜ እንኳ ብናገር ኖሮ ስሕተት ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ ግን ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ምድጃ የምንወለውልበትን ጥቁር ቅባት አምጥቼ ቦታውን ለቀለቅኩት። አምዚ እጁን ታጥቦ፣ «ወይፈን ነው! አባትሽ ስሙን አምዚ እንበለው ወይ ብለው ቀለዱብኝ፤ እሳቸው ሲቀልዱ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» እያለ ሲመለስ መሽቶ ነበር። ምንም አላየም። ደስታውን እያየሁ ዝም አልኩ።

እሑድ ንጋት ላይ ካፊያ ጣለ። በጸሎት ቤታችን ግቢ ጥቁር መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል። ደመናው ሲገለጥ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ አበራ። ጎረምሶቹ ከበቡት።

«አምዚ፣ ከተማ ልትገባ ነው እንዴ?»

«ተዉት፣ መላጫ መስታወት አጥቶ ነው!»

አምዚ ቁጢጥ ብሎ ቦታውን በጣቱ ነካው፤ ጣቱ ጠቆረ፤ አሸተተው። ከዚያም ቀና ብሎ በሴቶቹ በር በኩል ወደ ቆምኩት ወደ እኔ ተመለከተ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ የቆቤን ማሰሪያ አጠበቅኩ።

ረቡዕ አባቴ አምዚን ቤቱ ሄዶ ጠይቆት ተመለሰ፤ ገበታ ላይ ለአክስቴ ሲነግራት ሰማሁ።

«‹አንተ ነህ የፋቅከው?› አልኩት። ‹መኪናው የእኔ ነው› አለኝ። ‹ታዲያ ማን ፋቀው?› ስለው፣ ‹እሱን ከእኔ አይሰሙም› አለ።»

«ግትር!» አለች አክስቴ። «እኔማ ያ ሁሉ ሰም መጨረሻው ምን ይሆን እል ነበር። መኪናውን ያጥባል ወይስ ያጠምቃል?»

«ትዕቢት ነው» አለ አባቴ።

ሾርባዬን ጠጣሁ። ትኩስ ነበር፤ ሳላበርደው ጠጣሁት።

ከጌታ እራት አስቀድሞ በሚውለው እሑድ እያንዳንዱ ምእመን ለብቻው በአገልጋዮቹ ፊት ቆሞ፣ ከእግዚአብሔርም ከሰውም ጋር ሰላም ስለመሆኑ ይጠየቃል። አምዚ «ከሁሉም ጋር ሰላም ነኝ፤ ስለ መኪናው ግን የምጨምረው የለኝም» በማለቱ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ከማዕዱ ተከለከለ። ተራዬ ሲደርስ ጠያቂው አባቴ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር በውጭ ያሉት ወንዶች ይሰሙ ነበር።

«ሰሊና፣ ሰላም ነሽ?»

«ሰላም ነኝ» አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምዚ የተዋሰውን ባልዲ ሊመልስ መጣ። ባምፐሩ እንደገና ተቀብቷል። ሰሙንም ጨርቁንም አላመጣም፤ በኋላ መቀመጫው ላይ ግን ሻንጣ ነበር።

«ድምፅሽን ሰማሁት» አለ።

«ፈራሁ፣ አምዚ። እሳቸው ፊት ቆሜ …»

«ስድቡን እችለው ነበር። ማዕዱንም ቢሆን አንድ ዓመት እታገሥ ነበር። ለእኔ ብለሽ እንድትናገሪ አይደለም የጠበቅኩት። ለራስሽ እንድትናገሪ ነበር።»

«አሁን ልንገራቸው? ገብቼ ልንገራቸው?»

«እኔ ንገሪ ካልኩሽ በኋላማ የእኔ ቃል ሆነ።»

ፓምፑ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ሁለታችንም እያንዳንዷን ጠብታ የምናዳምጥ መሰልን።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ሰሜን። አጎቴ ዘንድ፤ እንጨት መሰንጠቂያ አላቸው።»

«ትመለሳለህ?»

በሩን ከከፈተ በኋላ፣ «ውሃችሁ ጥሩ ውሃ ነበር» ብሎኝ ሄደ።

መናገር የነበረብኝ ያን ዕለት ማታ ነበር። ‹ነገ› አልኩ። በረዶ ወረደ፤ ‹ገና ካለፈ በኋላ› አልኩ። ሰው እውነትን ሲያሳድር እንደ ሊጥ ኩፍ ትላለች ብሎ ያስባል፤ እርሷ ግን እንደ ድንጋይ እዚያው ተቀምጣ ትጠብቃለች።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ለአባቴ ከሰሜን ደብዳቤ መጣለት።

«የዚያ ማኅበር ዲያቆን ስለ አምዚ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል» አለ እራት ላይ። «ሊያገባ ነው። የማርቲኖችን ልጅ፣ ኤርማን።»

«እንዴት ያለ ፍጥነት ነው!» አለች አክስቴ። «ታዲያ አትጽፍለትም?»

«ጥፋቱን ያልተናዘዘን ሰው ንጹሕ ነው ብዬ አልጽፍም። ያለ ምስክር ደግሞ አያጋቡትም።»

ያን ሌሊትና ተከታዮቹን ሁለት ቀናት ስሌቴን እንዲህ አደረግኩ፤ ዝም ካልኩ ጋብቻው ይቀራል። ከቀረ ምናልባት ይመለሳል። ከተመለሰ ከዛፉ ጥላ ሥር እንደገና እንተያያለን። ከተናገርኩ ግን በገዛ አፌ ለሌላ ሴት አሳልፌ እሰጠዋለሁ። ክፉ ሐሳብ ሁልጊዜ ክፉ ልብስ ለብሶ አይመጣም፤ ያን ሰሞን የእኔው ሐሳብ ፍቅርን ለብሶ መጣ።

ቅዳሜ አባቴ እንቢታውን ሊጽፍ ወረቀቱን ዘርግቶ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

«አባ፣ ብዕሩን ያስቀምጡት» አልኩ።

አስቀመጠው።

«ባምፐሩን የፋቅኩት እኔ ነኝ። ተይ ብሎኝ ነበር። ፊቴን ላይበት ብዬ ፋቅኩት፤ ከዚያ በምድጃ ቅባት ሸፈንኩት። እሱ ያወቀው እሑድ ነው።»

አክስቴ ከምድጃው ዘንድ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሌላስ?» አለ አባቴ።

«ሰላም ነኝ ብዬ ዋሸሁ።»

«ለማን?»

«ለእርስዎ። ከእርስዎም በላይ ላለው።»

የገዛ ቤቱን ሳይጠይቅ የሰው ቤት ድረስ የሄደ ዲያቆን ፊት ምን እንደሚመስል ያን ዕለት አየሁ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው።

«አንቺ ጻፊው።»

ጻፍኩት። «አምዚ ብሩባከር በዚህ ማኅበር ነቀፋ የለበትም። በእርሱ ላይ የተባለውን ጥፋት የፈጸመች እኔ ነኝ። ዝም ያለው ሌላውን ላለማሳጣት ነው፤ አልዋሸም። እንዲያገባ የሚከለክለው ነገር የለም።»

አባቴ አነበበው። «ትወጂው ነበር?»

«አዎ።»

«ይህ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ፈርሚ» አለ። ከእኔ ስም በታች የራሱን ስም ሲጽፍ ቀለሙ ሁለት ጊዜ ነጠበ።

በፀደይ በማኅበሩ ፊት ቆሜ ተናዘዝኩ። አምዚና ኤርማ በበጋው ተጋቡ። እኔን ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች ጠይቀውኝ ነበር፤ መልካም ሰዎች ነበሩ፤ አልሆነልኝም።

አክስቴ ሎቪና የሞተች ጊዜ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ለቀብሩ ከሰሜን የመጡ መኪኖች በአቧራ ግራጫ ሆነው ነበር። አምዚ ሸብቷል። በፓምፑ አጠገብ ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

«ሰሊና፣ ውሃ አላችሁ?»

«አለ» አልኩ።

መኪናውን ከዛፉ ጥላ ሥር አቆመው። ፓምፑን ገፋሁ፤ እርሱ ጣሪያውን አጠበ፤ ኤርማ በጎኖቹ ስትወርድ እኔ በማድረቂያው ቆዳ እየተከተልኩ አደረቅኩ። ደግ ፊት ያላት፣ ፈጣን ሴት ናት። ባምፐሩ ላይ ስትደርስ አንድ ነጠብጣብ አይታ በኃይል ልታሽ ጎንበስ አለች።

«እሱን አትሺው፣ እህቴ» አልኳት። «ጥረጊው ብቻ።»

አምዚ ከመኪናው ማዶ ቀና ብሎ አየኝ፤ በዚያች እሑድ እንዳየኝ አየኝ። አሁን ግን የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። እኔም ጎንበስ አላልኩም።

ቆዳው ከእጄ መሬት ወደቀ። አነሣሁት፤ ወደ መኪናው ግን አልመለስኩትም።