የጾሙት ጩቤዎች

ቸኮል ጩቤ በደረቱ ተተክሎ፣ ቀኝ እጁ እጀታውን እንደ ጨበጠ፣ የድሮ ጩቤዎቹን ከሚሰቅልበት ክፍል ወለል ላይ ተንጋሎ ተገኘ። አፎቱ ከጎኑ በወግ ተቀምጧል። የአርብ ገበያ ከተማ ወሬውን ለመቀባበል ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ አልጠበቀም፤ «ራሱን ገደለ!» አለ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ታንጉት ከንፋስ መውጫ ስትደርስ እግሯ አብጦ፣ የአንዱ ጫማዋ ተረከዝ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። የታች ጋይንት የነሐሴ ጭቃ በጫማ አይጠግብም፤ ቢመቸው ሰውን ከነበቅሎው ይሰለቅጣል። ጡረታዋ ደርሷል። ሬሳ ማየት ደክሟታል፤ ሬሳ ከበው የሚዋሹትን መስማት ደግሞ ይብስ ደክሟታል።

የሟች ሚስት ባንቺዓለም እግሯ ላይ ወደቀች። «እህቴ፣ ፍትሐት የለውም አሉኝ! እንደ ውሻ ሜዳ ላይ ልጣለው?»

የነፍስ አባቱ አባ ገብረ ሕይወት መቋሚያቸውን ተደግፈው ተከዙ። «ጨክኜ አይደለም። ነፍሱን በእጁ ላጠፋ ሥርዓቱ አይፈቅድም። ሌላ ሰው ከገደለው ግን አሳዪኝና ራሴ ፈትቼ እቀብረዋለሁ።»

ታንጉት ወደ ክፍሉ ገባች። የስማዳ፣ የእስቴ፣ የጋይንት ቀጥቃጮች በእጃቸው የሠሩት ጩቤና ጎራዴ ግድግዳውን ሞልቶታል። ቸኮል ዕድሜውን ሙሉ ሲሰበስብ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ውሸት ሰጥቶታል። «ይኼን ያየ ጅብ ንስሐ ገብቶ ሣር ጋጠ» ይል ነበር። እሷ አንድ በአንድ እየመዘዘች አሸተተች። ሁሉም ኑግ ኑግ ይላል። ከሬሳው የወጣውን ጩቤ አፎት ስታሸት ግን ቅቤ ሸተታት። ምላጩን ከእጀታው ሥር በአውራ ጣቷ ብታሸው ዝገቱ ለቀቀ።

«ዘይት የሚቀባቸው ማን ነው?»

«ራሱ ነዋ» አለች ባንቺዓለም። «በፍስኩ በቅቤ፣ በጾም በኑግ። ፍልሰታ የገባ ዕለት ሁሉንም አውርዶ፣ ቅቤውን በፍል ውኃ አስለቅቆ ኑግ ቀባቸው። ‹ጩቤዎቼም ይጾማሉ› ሲል ሰው ይሥቅበት ነበር።»

የእህቱ ልጅ ምንተስኖት ደጅ ላይ ስልኩን ይነካካል።

«ከአጎትህ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«አዎ፣ ኦንላይን ለጥፈን እንሽጥ አልኩት። ‹አንተን ልለጥፍህ› ብሎ በከዘራ አባረረኝ። እኔ እኮ ዶሮ ሲታረድ ዞር የምል ሰው ነኝ፣ ኢንስፔክተር!»

ሌላው ከመካነ ኢየሱስ ለለቅሶ የመጣው፣ እሱም ጩቤ ሰብሳቢ የሆነው አቶ እንየው ነበር። አባ መስቀል ሲዘረጉለት ሳያጎነብስ፣ እንደ ምሰሶ ቆሞ መስቀሉን ወደ አፉ ሳበው።

«ወገቤን ብርድ ይዞኝ ነው፣ አባ።»

«ይህን ጩቤ ያውቁታል?» አለች ታንጉት ከሬሳው የወጣውን እያሳየችው።

«እንዴታ! ለወዳጆቼ ላሳየው ተውሼው ነበር። ፍልሰታ ሳይገባ በእጁ መለስኩለት። ከዚያ ወዲህ ይህን ደጅ አልረገጥኩም፤ ወዳጄ በራሱ ላይ እንዲህ ይጨክናል ብዬ መች አሰብኩ?»

ታንጉት ሁሉንም ሰው በጩቤዎቹ ክፍል ሰበሰበችና በርጩማ ላይ ተቀመጠች። መቆም አቅቷት ነው።

«ፍልሰታ ሲገባ እዚህ ቤት የነበረ ጩቤ ሁሉ ታጥቦ ኑግ ተቀብቷል» አለች። «ቸኮልን የገደለው ግን ቅቤ ቅቤ ይላል። ስለዚህ ቤቱ የገባው ከጾሙ ወዲህ ነው። ፍልሰታ ሳይገባ መልሼዋለሁ ያሉት አቶ እንየው ዋሽተዋል።»

«ቅቤ የትም ይገኛል!»

«በጾም? ይስሙኝ። ዝገቱ በጣት ይለቃል፤ አዲስ ብረት ነው። እርስዎ አስመስለው አሠሩ። የቸኮል ጩቤዎች ቅቤ ቅቤ እንደሚሉ ያውቃሉና ቅቤ ቀቡት። ‹ይጾማሉ› ማለቱን እንደ ጅቡ ወሬ ቆጠሩት። እሱ ተቀብሎ በጣቱ ሲያሸው ዝገቱ ለቀቀና ነቃብዎ። ‹የኔን አምጣ› ሳይልዎት አይቀርም፤ ያኔ በገዛ ሐሰትዎ ወጉት፣ እጁንም እጀታው ላይ አደረጉ።»

«እውነተኛው ታዲያ የት አለ?» አለ እንየው።

ታንጉት ተነፈሰች። «አባ፣ መስቀሉን ዝቅ አድርገው ይያዙለት። እስከ ጉልበትዎ።»

አባ ዝቅ አደረጉ። እንየው ቆሞ ቀረ። ላብ ወረደው። ምንተስኖት ጋቢውን ገለጥ ቢያደርገው፣ ከብብቱ እስከ ታፋው በጨርቅ የታሰረ ረጅም ጩቤ ብቅ አለ።

«አንድ ቀን እንኳ ብለየው ይጠፋብኛል ብዬ…» አለ እንየው፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ። «ቸኮል ዓይኔን አይቶ ሣቀብኝ እኮ።»

አባ ገብረ ሕይወት ደወል ይደወል ብለው ዲያቆን ላኩ።

ሬሳው በፍትሐት ወጥቶ፣ በወግ በቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ማታ ታንጉት ዕቃዋን ስትሸክፍ ባንቺዓለም እውነተኛውን ጩቤ ለመሰናበት መዝዛ አሸተተች፤ ቅቤው እንዳለ ነበር።

«ያ ሰው ይኼንንም ጾሙን አስገድፎታል» አለች እያነባች። «ከመውሰድሽ በፊት ትንሽ ኑግ ልቀባው?»

ታንጉት ማስረጃ አይነካም የሚለውን ደንብ ታውቃለች። ግን ደክሟታል፤ ጾሙም ገና አልተፈታም።

«ቀቢው፣ እህቴ» አለች፤ ጨርቁንም ራሷ አቀበለቻት።