የኢክራ ክብሪት

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነበር፤ የክብሪት ጭስ። ኢክራ ዓይኗን ሳትገልጥ ወድቃ እንደነበር አወቀች። ምላሷን ነክሳዋለች፣ ግንባሯ ላይ ደም ይሞቃታል፣ የአባቷ ሱቅ ሲሚንቶ ከጀርባዋ ስር ይቀዘቅዛል። አባቷ ሙናዊር ተንበርክኮ ሁለተኛ ክብሪት ሊጭር ሲል «አባዬ፣ በቃ፣ ነቅቻለሁ» አለችው።

ከዚያ የክፍል ጓደኛዋን ፈርሀትን አየቻት። የሱቁን በር ብረት ይዛ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። የባዮሎጂ የቤት ሥራ አብረው ሊሠሩ ተቀጣጥረው ነበር። ኢክራ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እየወደቀች መሆኗን ከማንም በላይ የደበቀችው ከፈርሀት ነበራ!

መደበቁም ቀላል ሆኖ አያውቅም። ከትምህርት ቤት ስትቀር «ጨጓራዬ ነው» ትላለች። በሠፈሩ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ለኩሶ ጭሱን አፍንጫው ስር መያዝ ነው የሚታወቀው፤ ስለዚህ እናቷ ሐጀራ ልጇ የትም ብትወድቅ እንዳይቸግር ብላ በቦርሳዋ ኪስ ክብሪት ትከትላታለች። አንድ ቀን ፈርሀት አገኘችው። «ማጨስ ጀመርሽ እንዴ?» ብላ ስትስቅባት፣ ኢክራ መብራት ሲጠፋ ለሱቁ ሻማ መለኮሻ ነው አለቻት። ፈርሀትም አመነች። የሚያምን ጓደኛን መዋሸት ደግሞ እንዴት ይከብዳል!

ኢክራ ሱቁ ውስጥ በወደቀችበት ቀን ፈርሀት ደብተሯን አቅፋ ሄደች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኢክራን ሸይኹ ዘንድ ወስደው ዱዓ ያስደርጉላት ነበር። አሁን ግን የመደርደሪያው ጠርዝ ግንባሯን ስለፈነከታት ሐኪም ቤት ይዘዋት ሮጡ። ቁስሉን የሰፋችላት ዶክተር ማዕረግ የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች። በምን እንደተመታች ስትጠይቅ ሐጀራ ቀደም ብላ አዳልጧት ነው አለች።

«አላዳለጠኝም» አለች ኢክራ። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ዝም ብዬ ነው የምወድቀው። ስወድቅ አላውቀውም።»

ዶክተሯ መርፌውን አስቀመጠችና ብዙ ጠየቀቻት፤ ከዚያም ለምርመራ ላከቻት። ውጤቱ ሲደርስ ሦስቱንም አስቀምጣ አስረዳቻቸው። በዚያው ሳምንት በክፍሉ የፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚያስተምረው አስተማሪ ስለ ነርቭ በእንግሊዝኛ ሲጣደፍ፣ አሥረኛ ክፍል በሙሉ ቅርንጫፍ ካለው የሴል ሥዕል በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። ዶክተር ማዕረግ ግን ቀስ ብላ ነበር የምታወራው።

«አንጎላችን የሚሠራው በጣም በትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። እጅሽን ላንሳ ስትዪ ትእዛዙ ከአንጎልሽ ተነሥቶ በነርቭ በኩል እጅሽ ይደርሳል። ሴሎቹ ተራ ጠብቀው ነው የሚነጋገሩት። አንዳንዴ አንቺ ጋ ብዙዎቹ ባንዴ ይጮኻሉ፤ ያኔ ትወድቂያለሽ። ሲረጋጉ ትነቂያለሽ። የሚያነቃሽ ክብሪቱ አይደለም፤ በራሱ ነው የሚያልፈው።»

ሙናዊር ዕድሜውን ሙሉ የኤሌክትሪክ ገመድና ሶኬት ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። «ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ፣ ኮንታክት ማለት ነዋ» አለ ለራሱ። ዶክተሯ ሳቀች፤ ልክ እንደዚያ ባይሆንም ይቀራረባል አለችው።

ሐጀራ ተላላፊ እንደሆነ ጠየቀች። አይተላለፍም ተባለች። እብደት እንደሆነም ጠየቀች። አይደለም ተባለች። ከዚያ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ኢክራን ነፍሰ ጡር ሳለች፣ አንድ ቀን ሲመሽ ቢስሚላህ ሳትል ሙቅ ውኃ ደጅ ደፍታ ነበር። ጂኒ አቃጥዬ ልጄን አስመታሁ ብላ እስከዚያ ቀን ድረስ ራሷን ስትበላ ኖራለች። ዶክተሯ እጇን ይዛ «እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም» አለቻት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሐጀራ ቀልሏት ነበር። ዶክተሯ ለኢክራ ያዘዘችውን በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ጡቷ ስር ሸጉጣ ከሙናዊር ጋር እየተቀላለደች ሄደች። አብነት ሠፈር ሲደርሱ ግን ወደ ኢክራ ጠጋ ብላ «ለሰው ግን እንዳይነገር» አለቻት።

ሰኞ ጠዋት ኢክራ ክፍል ስትገባ ፈርሀት አግዳሚው ላይ፣ ሁልጊዜ ኢክራ የምትቀመጥበት ቦታ፣ ቦርሳዋን አስቀምጣለች። ኢክራ «ሸሸችኝ» ብላ አሰበች። ከቦርሳው ወዲያ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ደም ማነስ ነው አሉኝ» የምትል ውሸት አዘጋጅታ መጥታ ነበር፤ እረፍት እስኪደወል ምላሷ ላይ ያዘቻት።

እረፍት ላይ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ቀድማ የተናገረችው ፈርሀት ናት። ዓይኗ ደም መስሏል።

«ወድቀሽ ስትንቀጠቀጪ ጭንቅላትሽን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች። «የአፍሽ አረፋ እጄን ነካኝ። ቤት ስነግራቸው ይተላለፋል አሉኝ። በሳሙና አጠብኩት፣ በሎሚ አሸሁት። ተኝቼ እንዳልወድቅ ብዬ እንቅልፍ የሚባል አልተኛሁም። ቦርሳውን ያስቀመጥኩት… እኔም ብወድቅ አንቺ ላይ እንዳልወድቅ ነው።»

ኢክራ ሳቋም እንባዋም ባንዴ መጣባት። ለካ የተሸሸችው እሷ አይደለችም! ያዘጋጀችው ውሸት ግን ፈርሀትን አያስተኛትም። እናቷ ያለቻትን አሰበች፤ የፈርሀትን የቀላ እጅ አየች።

«የሚጥል በሽታ አለብኝ» አለች። ቃሉን ጮክ ብላ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። «አይተላለፍም።»

«አቦ አትፎግሪኝ።»

«ወላሂ። ዶክተር ናት የነገረችኝ።» ደብተሯን ገልጣ ያንን ባለቅርንጫፍ ሴል እያሳየች፣ ኤሌክትሪኩን፣ ተራውን፣ ጩኸቱን፣ የአባቷን ኮንታክት ሳይቀር ነገረቻት። ፈርሀት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ብትወድቂ ታዲያ ምን ላድርግ?»

«በጎኔ አስተኚኝ፣ ራሴ ስር ልብስ ነገር አድርጊልኝ፣ ጠብቂኝ። ከቆየብኝ ሐኪም ቤት።»

«ክብሪቱስ?»

ኢክራ ከቦርሳዋ ኪስ አውጥታ ሰጠቻት። «ለምድጃችሁ» አለቻት። ፈርሀት ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አውርዳ ተጠጋቻት።

ተማሪው ተመልሶ ገባ፣ ፕላዝማው ተከፈተ፣ አስተማሪው እንግሊዝኛውን ማጣደፍ ጀመረ። ኢክራ ማታ ለእናቷ «ለፈርሀት ነግሬያታለሁ» ልትላት ወሰነች። ትቆጣት ይሆናል፤ ትቆጣት። ፈርሀት ትከሻዋ ላይ ተደግፋ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ኢክራም እንዳትቀሰቅሳት ብላ ደወሉ እስኪደወል ሳትነቃነቅ ተቀመጠች።